ተገጣጣሚ ቁም ሳጥንን በራስ ምርጫ ቀለም ማደስ

በካርቶን ታሽጎ መጥቶ ቤት ውስጥ በብሎን የሚገጣጠም ቁም ሳጥን ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በጥቂት ቀለሞች ብቻ ነው፤ ነጭ፣ ግራጫ፣ ጥቁር ቡናማ፣ ወይም የእንጨት መስመር የታተመበት ፈዘዝ ያለ ቡናማ ይሆናል። ገዢው የወይራ ቅጠል አረንጓዴ ወይም የጡብ ቀይ ቢፈልግ፣ ያለው አማራጭ በልዩ ትዕዛዝ ማሠራት አለዚያም ያለውን ራሱ ማደስ ነው። ማደሱ አንድ ሰው በእረፍት ቀናቱ ሊጨርሰው የሚችል ሥራ ቢሆንም፣ ውጤቱን የሚወስነው የቀለሙ ዋጋ ወይም የብሩሹ ጥራት አይደለም። የሚወስነው ቁም ሳጥኑ በምን ዓይነት ገጽ እንደተሸፈነ አስቀድሞ ማወቅና ዝግጅቱን ለዚያ ገጽ በሚስማማ መንገድ ማድረግ ነው። ስለዚህ ወደ ቀለም መደብር ከመሄድ በፊት በሩን ከፍቶ ጠርዙን፣ የብሎን ቀዳዳዎቹንና ጀርባውን በደንብ መመልከት ያስፈልጋል።

ገጹን መለየት

አብዛኞቹ ተገጣጣሚ ቁም ሳጥኖች ከውስጥ ቺፑድ ናቸው፤ ማለትም በሙጫ ታሽቶ የተጠፈጠፈ የእንጨት ፍቅፋቂ ነው። የሚለያዩት በላዩ ላይ በተለጠፈው ሽፋን ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ሜላሚን ሲሆን፣ ጠንካራ፣ ቀዝቃዛና ለጥፍር የማይበገር ነው፤ የብሎን ቀዳዳው ዙሪያ ሲታይ ሽፋኑ እንደ ስስ የእንቁላል ቅርፊት ተሰነጣጥቆ ይገኛል። ሁለተኛው የወረቀት ሽፋን ነው፤ ይህ ከሜላሚን የሳሳ ስለሆነ ጠርዙ ላይ ሲያረጅ እንደ ወረቀት ይቀደዳል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን ቤት የሚገኘው የአይኪያ ፓክስ ቁም ሳጥን አካሉ ቺፑድ ሆኖ በዚህ ዓይነት ሽፋን የተለበጠ ነው። ሦስተኛው ኤምዲኤፍ በሚባለው ልሙጥ ጣውላ ላይ በሙቀት የተለጠፈ የፕላስቲክ ሽፋን ነው፤ በሩ ላይ የተቀረጸ ቅርጽ ካለና ጠርዙ ያለ ምንም መጋጠሚያ መስመር ተጠማዝዞ የሚሄድ ከሆነ ይህ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ውድ በሆኑት ላይ ደግሞ እውነተኛ ስስ የእንጨት ልባጥ ይገኛል። ልባጡ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ በሮቹን ጎን ለጎን ማስተያየት ይበቃል፤ አንዱ ቋጠሮ በሁለት በር ላይ አንድ ቦታ ደግሞ ከታየ፣ የታተመ ሥዕል እንጂ እንጨት አይደለም።

ልዩነቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሜላሚን ምንም ነገር ስለማይመጥ፣ ለግድግዳ የተሠራ ቀለም በቀጥታ ቢቀባበት ደርቆ ያምራል፣ ከዚያም በጥፍር ሲነካ እየተላጠ ይወርዳል። የወረቀት ሽፋን በአንጻሩ በጣም ከተፋቀ ይበሳና ከሥሩ ያለው ፍቅፋቂ ይጋለጣል፤ ያ ቦታ የውሃ ቀለም ሲነካው ያብጣል። የፕላስቲክ ሽፋኑ ጠርዙ ላይ መላቀቅ ከጀመረ ደግሞ፣ ቀለም የሚይዘው ሽፋኑን እንጂ ጣውላውን ስላልሆነ፣ ሽፋኑ ሲነሳ ቀለሙም አብሮ ይነሳል። እንዲህ ያለውን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ ሙሉ በሙሉ ገፍፎ ከሥሩ ያለውን ኤምዲኤፍ መቀባት ይሻላል። ውሃ ገብቶበት ያበጠ ቺፑድ ግን ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም፤ ያንን ጣውላ ብቻ አስለክቶ በአናጢ ማስቆረጥና መተካት ነው።

ቀለም ወይስ ስቲከር

ስቲከር የምንለው ጀርባው ማጣበቂያ ያለው የቪኒል ጥቅል ጥቂት ቦታዎች ላይ ከቀለም ይመረጣል። በተከራዩት ቤት ውስጥ ያለው ቁም ሳጥን የባለቤቱ ከሆነ፣ ስቲከር በሙቀት ተላጦ ሊነሳ ስለሚችል ጠብ አያመጣም። መስኮት መክፈት በማይቻልበት የክረምት ወቅት በሚኒሶታ ወይም በስቶክሆልም አፓርትመንት ውስጥ ለሚኖር ሰውም ሽታ የሌለው ሥራ ነው። ነገር ግን ስቲከር ዝርግ በር ብቻ ነው የሚወድ፤ የተቀረጸ ቅርጽ ያለው በር ላይ ጎድጓዳው ውስጥ ተወጥሮ ይቆይና ውሎ አድሮ ይነሳል። ሲጎዳም የተጎዳውን ቦታ ብቻ መጠገን አስቸጋሪ ነው፤ ቀለም ግን ሲጫር በትንሽ ብሩሽ ይነካካል። በእኔ ግምት ቤተሰብ በየቀኑ ለሚከፍተውና ለብዙ ዓመት ለሚቆይ ቁም ሳጥን ቀለም፣ ለጊዜያዊ ቤት ደግሞ ስቲከር ይስማማል።

ሁለቱም ቢሆኑ ለውጭው ገጽ ናቸው። የቁም ሳጥኑን ውስጥ መቀባት ብዙዎች የሚመኙት፣ እኔ ግን የማልመክረው ሥራ ነው። መደርደሪያዎቹ ሲገቡና ሲወጡ ቀለሙን ይፍቁታል፣ ሽታው በተዘጋ ቦታ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፣ በደንብ ያልጠነከረ ቀለም ላይ የተቀመጠ ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢም ተጣብቆ ይበላሻል። የውስጡ ነጭነት ከውጭው አዲስ ቀለም ጋር አይጋጭም፤ እንዲያውም ልብስ ለመፈለግ ብርሃን ይሰጣል።

መፍታትና ማዘጋጀት

ቁም ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ መበታተን አያስፈልግም፤ አይገባምም። ቺፑድ ውስጥ የገባ ብሎን በተፈታና በተጠበቀ ቁጥር ቀዳዳው እየሰፋ ስለሚሄድ፣ አካሉ ሁለተኛ ጊዜ ሲገጠም እንደ መጀመሪያው አይጠብቅም። በጀርባ በኩል የተመታው ስስ ጣውላም ምንም እንኳ ዋጋ የሌለው ቢመስል፣ ቁም ሳጥኑ ወደ ጎን እንዳይዘም ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እርሱ ነው። ስለዚህ የሚወልቁት በሮቹ፣ የመሳቢያዎቹ ፊትና እጀታዎቹ ብቻ ናቸው። እያንዳንዱን በር ከማውለቅ በፊት የማጠፊያው ክብ ጎድጓዳ ውስጥ፣ ቀለም በማይነካው ቦታ፣ ቁጥር በእርሳስ ይጻፍ፤ ብሎኖቹም በየበሩ ቁጥር በተጻፈባቸው ትናንሽ ፌስታሎች ይቀመጡ። በሮቹ አንድ ዓይነት ቢመስሉም የማጠፊያ ቀዳዳዎቻቸው በጥቂቱ ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ቦታቸው ከተለዋወጠ በኋላ ማስተካከሉ ጊዜ ይፈጃል። የሰፋ የብሎን ቀዳዳ ከተገኘ፣ የክብሪት እንጨት በእንጨት ኮላ ነክሮ ውስጡ መክተት፣ ሲደርቅ ከገጹ እኩል መቁረጥና ብሎኑን እንደገና ማስገባት የተለመደ መፍትሔ ነው።

ቀጥሎ ያለው ማጽዳት ነው፤ ይህን ከመፋቁ በፊት ማድረግ ግድ ነው። ቅባት ያለበት ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ቅባቱ ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ይገባል እንጂ አይወጣም። እጀታው አካባቢ ቅባት፣ የፀጉር ዘይትና የእጅ ክሬም ስለሚከማች በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ታጥቦ፣ በንጹሕ ውሃ ተጠርጎ፣ ከደረቀ በኋላ በአልኮል መወልወል አለበት። የቤት ዕቃ ማስወልወያ ስፕሬይ ሲነፋበት የኖረ በር በተለይ ብዙ መወልወል ይፈልጋል፤ በስፕሬዩ ውስጥ ያለው ሲሊኮን ቀለሙን እየገፋ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ይፈጥራል።

ከዚያ በ180 ወይም በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ዓላማው ሽፋኑን ማንሳት ሳይሆን ማንጸባረቁን ማጥፋት ብቻ ነው፤ በሩን ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብለው ሲያዩት ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ድብዝዝ ብሎ ከታየ በቂ ነው። የወረቀት ሽፋን ላይ እጅን አቅልሎ መሥራት፣ ጠርዝና ማዕዘን ላይ ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ ይገባል። ጭረትና ስንጥቅ በስቱኮ ተሞልቶ ከደረቀ በኋላ ይስተካከላል። አቧራው የሙጫና የእንጨት ድብልቅ ስለሆነ ደረቅ መጥረጊያ አይነካው፤ አፍና አፍንጫን በጭምብል ሸፍኖ በቫኪዩም ወይም በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት ነው።

ፕራይመር

ለተንሸራታች ገጽ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ፕራይመር ነው፤ ማለትም ቀለሙ ገጹን እንዲይዝ ከቀለሙ በፊት የሚቀባው ቅብ ነው። ሁለት ዓይነት ይመከራል። አንደኛው በአልኮል የሚሟሟ የሼላክ ፕራይመር ሲሆን፣ በመስታወት ላይ እንኳ ይይዛል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለተኛ እጅ ይቀበላል፣ የእስክርቢቶና የቅባት እድፍ ወደ ላይ እንዳይወጣም ይዘጋል። ችግሩ ሽታውና ተቀጣጣይነቱ ነው። ሁለተኛው ለሜላሚን፣ ለሴራሚክና ለፕላስቲክ ተብሎ የተዘጋጀ በውሃ የሚሟሟ ፕራይመር ነው፤ ሽታው ቀላል ሲሆን እስኪጠነክር ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። በጣሳው ላይ ለሜላሚን ወይም ለተንሸራታች ገጽ እንደሚሆን ካልተጻፈ፣ ለእንጨት ወይም ለግድግዳ የተሠራውን ፕራይመር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በአዲስ አበባ መደብሮች ለብረት የሚሸጠው አንቲሩጂኔም ሥራው ብረትን ከዝገት መጠበቅ ስለሆነ እዚህ ቦታ የለውም።

በዚህ ላይ አንድ የማይታለፍ ማስጠንቀቂያ አለ። የሼላክ ፕራይመርም ሆነ ቲነር የሚገባበት ዘይት ቀለም በሚቀባበት ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት፣ ዕጣን ማጨስ፣ ሻማ ወይም ጧፍ ማብራት አይፈቀድም፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ተኝቶ ወደ እሳት ይሄዳል። ዘይት ቀለም የነካው ጨርቅም ተጠቅልሎ ጥግ ከተጣለ በራሱ ሊግልና ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ውጭ ተዘርግቶ ደርቆ መጣል አለበት።

ፕራይመሩ በሁሉም በሮች ላይ ከመቀባቱ በፊት በአንዱ በር ጀርባ፣ ከማጠፊያው አጠገብ፣ መዳፍ በሚያህል ቦታ ይሞከር። ፕራይመሩና ቀለሙ ተቀብተው ጥቂት ቀናት ከቆዩ በኋላ በስለት ወደ ቁመትና ወደ ጎን ተሻጋሪ መስመሮች ተጭረው፣ ጠንካራ ፕላስተር ተለጥፎ በአንድ ጊዜ ይነቀል። ትናንሾቹ ካሬዎች ከቦታቸው ካልተነሱ ዝግጅቱ ትክክል ነው፤ ከተነሱ ደግሞ የሚደገመው አንድ መዳፍ ቦታ እንጂ ስድስት በር አይደለም። ይህን ሙከራ ትዕግሥት የሌለው ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ የሚላጡት ቁም ሳጥኖችም አብዛኞቹ የእነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ቀለም መምረጥና መቀባት

ግድግዳ የሚቀባበት ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅም ለስላሳ ሆኖ ስለሚቀር፣ በር ከበር ሲነካካ ይጣበቃል፤ እጅ የሚነካው ቦታም ቶሎ ይቆሽሻል። የሚፈለገው ለበርና ለቤት ዕቃ የተዘጋጀ ኢናሜል፣ ማለትም ሲደርቅ የሚጠነክር ቀለም ነው። ዘይት ቀለም ጠንካራና ለስላሳ ገጽ ይሰጣል፤ ነገር ግን ነጭና ፈዛዛ ዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝ ቦታ ከጊዜ በኋላ ወደ ቢጫ ያደላል። ስለዚህ ለነጭ፣ ለክሬምና ለፈዛዛ ሰማያዊ በውሃ የሚሟሟ አክሪሊክ ኢናሜል፣ ለጥቁርና ለጠቆሩ ቀለሞች ግን ከሁለቱ አንዱ ይሆናል። ለልጆች ክፍል ሲሆን እርሳስ የሌለው መሆኑን መጠየቅ ይገባል፤ በኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ይገድባል።

የተመረጠውን ቀለም በስም መጥራት ብቻ ለመደብር አይበቃም፤ «የወይራ አረንጓዴ» ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. በጀርመን በ40 ቀለማት የተጀመረው ራል የተባለው የቀለም ቁጥር ሥርዓት ዛሬ በብዙ መደብሮች የመቀላቀያ ማሽን ውስጥ ይገኛል፤ ለምሳሌ ራል 7016 ሲባል ጠቆር ያለ ግራጫ እንደሆነ ቀያጩ ያውቀዋል። ቁጥር ከሌለ የጨርቅ ወይም የወረቀት ናሙና ይዞ ሄዶ ማስነበብ ይቻላል። ናሙናው ግን በመደብሩ አምፖል ሥር ሳይሆን ቁም ሳጥኑ በሚቆምበት ክፍል፣ ጠዋት በመስኮት ብርሃንና ማታ በአምፖል መታየት አለበት፤ በቀን አረንጓዴ የመሰለው በሙቅ አምፖል ሥር ቡናማ ሊሆን ይችላል። ቢጫና ደማቅ ቀይ ከሥራቸው ያለውን የመሸፈን አቅማቸው ደካማ ስለሆነ፣ ለቀይ ፕራይመሩን በግራጫ ማስቀየጥ የሚፈለገውን የእጅ ብዛት ይቀንሳል። ስለ ማንጸባረቅ ደግሞ መካከለኛውን፣ ሳቲን የሚባለውን እመርጣለሁ፤ በጣም የሚያንጸባርቅ ቀለም በገጹ ላይ ያለውን እያንዳንዱን እብጠት ያጋልጣል፣ ፈጽሞ የማያንጸባርቀው ደግሞ የእጅ አሻራ ይይዛል።

መጠኑን ማስላት ቀላል ነው። 50 በ200 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት በሮች ፊታቸው 3፣ ጀርባቸው 3 ካሬ ሜትር ነው፤ 60 በ200 የሆኑ ሁለት ጎኖች 2.4 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ድምሩ 8.4 ሲሆን ሁለት እጅ ለመቀባት ወደ 17 ካሬ ሜትር ይደርሳል። አንድ ሊትር በአማካይ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ብንል፣ 2 ሊትር መግዛት ይገባል። አነስ አድርጎ ገዝቶ በኋላ መጨመር አይመከርም፤ ሁለተኛው ቅይጥ ከመጀመሪያው በጥቂቱ ሊለይ ይችላልና። ሁለት ጣሳ ከሆነም በአንድ ባልዲ ውስጥ ተቀላቅለው ይጀመራል።

በሮቹ ቆመው ሳይሆን ተኝተው ይቀባሉ፤ ሁለት በርጩማ ላይ አግድም ከተቀመጡ ቀለሙ አይወርድም። መጀመሪያ ጀርባው፣ ሲደርቅ ጠርዞቹ፣ በመጨረሻ ፊቱ ይቀባል። ጠርዝና ቅርጽ በብሩሽ፣ ዝርጉ ቦታ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው አጭር ጸጉር ወይም ስፖንጅ ሩሎ ይሠራል። ሁለት ወይም ሦስት ስስ እጅ ከአንድ ወፍራም እጅ ይበልጣል፤ በየእጁ መካከል ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በ240 ወይም በ320 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ ነክቶ አቧራውን መጥረግ ልስላሴውን ይጨምራል። የተቀባ ቦታ መድረቅ ከጀመረ በኋላ ተመልሶ በሩሎ መንካት ግን ገጹን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ያደርገዋል።

አየሩም የራሱ ድርሻ አለው። በአዲስ አበባ የበጋ ፀሐይና ደረቅ አየር ቀለሙ ሳይዘረጋ እንዲደርቅ ስለሚያደርግ፣ በረንዳ ላይ በፀሐይ መቀባት የብሩሽ መስመር ያስቀራል፤ ጥላ ያለበት ክፍል ይሻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ በውሃ የሚሟሟ ቀለም ከሰዓት ተቀብቶ በረንዳ ላይ ማደር የለበትም። በክረምት ደግሞ በጣሳው ላይ የተጻፈውን የመጠበቂያ ሰዓት እጥፍ ማድረግ ብልህነት ነው።

ስቲከር ለመረጡ

እስከ ማጽዳቱ ድረስ ያለው ዝግጅት አንድ ነው፤ መፋቅ ግን የሚያስፈልገው እብጠት ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ስህተት የሚበዛው በግዢ ላይ ነው። ለቤት ተብሎ የሚሸጠው ጥቅል ብዙ ጊዜ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ የቁም ሳጥን በር ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ያ ማለት እያንዳንዱ በር መሃሉ ወይም ጎኑ ላይ መጋጠሚያ ይኖረዋል ማለት ነው። 122 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቅል ለሁለት ሲከፈል 61 ይሰጣል፤ 50 ሴንቲ ሜትሩን በር ሸፍኖ በሁለቱም ጎን ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ለመጠቅለያ ይተርፋል። ለሦስት በርና ለሁለት ጎን እያንዳንዳቸው 210 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አምስት ቁራጮች ስለሚያስፈልጉ፣ 6.3 ሜትር ከዚህ ጥቅል መግዛት አንድ ቁራጭ ለመጠባበቂያ ያስቀራል።

በሩ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ፣ ጥቂት ጠብታ ሳሙና የገባበት ውሃ በመርጫ በስሱ ይረጫል፤ ይህ ስቲከሩን ለማንሸራተትና ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ጠርዙ የተጋለጠ ቺፑድ ከሆነ ግን ውሃ አይነካው፤ በፕራይመር ተዘግቶ መድረቅ አለበት። የጀርባው ወረቀት በአንድ ጊዜ ሳይሆን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተላጠ፣ በለስላሳ ጨርቅ በተጠቀለለ የፕላስቲክ ካርድ ከመሃል ወደ ዳር እየተጫነ ይሄዳል። ማዕዘኑ ላይ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጎ፣ ሳይወጥሩ አጥፎ መጫን ነው፤ ተወጥሮ የተለጠፈ ቪኒል ሲቀዘቅዝ ወደ ቀድሞ መጠኑ ስለሚሰበሰብ ጠርዙ ይነሳል። አየር የቋጠረ ቦታ በመርፌ ይበሳና ወደ ቀዳዳው እየተጫነ ይወጣል።

ፎርማይካ በማስቲሽ መለጠፍ ሦስተኛ መንገድ ነው፤ እጅግ ጠንካራ ገጽ ይሰጣል። ማስቲሹ በሁለቱም ገጽ ተቀብቶ በእጅ ሲነካ እስከማይጣበቅ ድረስ ይጠበቃል፤ አንዴ ከተነካካ በኋላ ግን ማንቀሳቀስ ስለማይቻል ለአናጢ መተው ይሻላል። በበሮች መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ጠርዙ ላይ የሚለጠፈው ውፍረት በሮቹን ሊያጋጫቸው እንደሚችልም አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል።

መግጠም

ቀለም በእጅ ሲነካ መድረቁና ጠንክሮ መጨረሱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ኢናሜሎች ሙሉ ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሮቹን ከጥቂት ቀናት በኋላ መግጠም ይቻላል፤ ነገር ግን በዚያ ወር ውስጥ በሳሙና አይታጠቡም፣ በሮቹም ቢቻል በጥቂቱ ገርበብ ብለው ያድራሉ። በሩ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትናንሽ የጎማ ነጥቦች መለጠፍ መጣበቅን ይከላከላል። የማጠፊያ ብሎኖች በእጅ ካቻቪቴ ይጠበቁ፤ የኤሌክትሪክ መፍቻ ቺፑዱን በቀላሉ ይበላዋል። በሮቹ ከተገጠሙ በኋላ ከፍና ዝቅ ቢሉ ማጠፊያው ላይ ያሉት ሁለትና ሦስት ማስተካከያ ብሎኖች በሩን ወደ ላይ፣ ወደ ጎንና ወደ ውስጥ ያንቀሳቅሱታል። ለሥራው ሲባል ቁም ሳጥኑ ከግድግዳ ተላቅቆ ከነበረ፣ ልብስ ከመግባቱ በፊት ተመልሶ በግድግዳው ላይ መታሰር አለበት፤ ሁሉም በሮች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል።

የተረፈው ቀለም በትልቁ ጣሳ ውስጥ ከቀረ ከአየሩ የተነሳ ይቆረፍዳል። እስከ አፉ በሚሞላ ትንሽ የመስታወት ዕቃ ገልብጦ፣ የቀለሙን ቁጥርና የቅይጡን ወረቀት ላዩ ላይ ለጥፎ ማስቀመጥ፣ እጀታው አካባቢ የመጀመሪያው ጭረት ሲታይ ለመነካካት ይበቃል።